«ታይፕ ሲ አለ?»

አዳማ ላይ የስልክ ገመድ ለመግዛት ብዙ መንከራተት የለም። ፖስታ ቤት አካባቢ ብትሉ፣ ፍራንኮ ብትሉ፣ መብራት ኃይል ብትሉ፣ በየሱቁ በር ላይ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። ነጭ አለ፣ ጥቁር አለ፣ በክር የተጎነጎነ ደማቅ ቀይ አለ፣ ቻርጅ ሲያደርግ መብራት የሚሮጥበትም አለ። ጠጋ ብላችሁ «ታይፕ ሲ አለ?» ስትሉ መልሱ ሁሌም «አለ» ነው። የለም ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ጥያቄው ግን ግማሽ ነው። ታይፕ ሲ ማለት የጫፉ ቅርጽ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ገመዱ ስልክን በስንት ሰዓት እንደሚሞላ፣ ላፕቶፕ ይችል እንደሆነ፣ ፋይል ያሻግር እንደሆነ፣ ካሻገረስ በምን ፍጥነት፣ ቅርጹ አይናገርም። ሁሉም ያንኑ ሞላላ፣ በየትኛውም ጎን የሚገባ፣ የሚያብረቀርቅ ጫፍ አለው። ውስጡን የሚያውቀው የሠራው ፋብሪካ ነው። ሻጩ ራሱ አያውቅም። እየዋሸ ነው ማለቴ አይደለም። «ኦሪጅናል ነው ወንድሜ» የሚላችሁ፣ እሱም ከጅምላ አከፋፋዩ ሲረከብ «ኦሪጅናል ነው ወንድሜ» ስለተባለ ነው።

እኔን ጉዳዩ የሚያብሰለስለኝ እንጀራዬ ስለሆነ ነው። የሰርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ቅዳሜና እሁድ የተቀረጸው ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳል። የሁለት ካሜራ ቀረጻ፣ በዚያ ላይ የሙሽሪት እህት በስልኳ ቀርጻ «ይሄም ይግባልኝ» የምትለው። ይህ ሁሉ ከሚሞሪ ካርድና ከስልክ ወደ ዲስክ፣ ከዲስክ ወደ ኮምፒውተር መግባት አለበት። ካሜራው ውድ ነው። ኮምፒውተሩም ውድ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ግን ብዙ ጊዜ ከሱቅ በር ላይ የወረደ ርካሽ ገመድ ነው።

የታይፕ ሲ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ የተመረቀውም በዚያው ዓመት ነው። ዝምድና የላቸውም፤ ግን ገመዱን ለሰው ሳስረዳ መንገዱ ያግዘኛል። ሁሉም ገመድ መግቢያው ላይ አንድ ዓይነት የክፍያ በር አለው እንበል። በሩን ስታልፉ አንዱ ጋ ስድስት መስመር አስፋልት ይጠብቃችኋል፣ ሌላው ጋ የጋሪ መንገድ። ከበሩ ፊት ሆናችሁ ግን ልዩነቱ አይታያችሁም።

በዚያ ትንሽ ጫፍ ውስጥ ለ24 የመገናኛ ነጥቦች ቦታ አለ። ሁሉም ገመድ ግን ሁሉንም አይጠቀምም። ደንቡ የሚያስገድደው ዝቅተኛውን ነው። ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ገመድ ቢያንስ 3 አምፔር መሸከም አለበት። ፋይልም ቢያንስ በአሮጌው ዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 480 ሜጋ ቢት ማሻገር አለበት። ከዚያ በላይ ያለው የአምራቹ ፈቃድ ነው። 5 ጊጋ ቢት የሚያሻግር አለ፣ 10 አለ፣ 20 አለ፣ 40 አለ፣ አሁን ደግሞ 80ም መጥቷል። ኃይሉም እንደዚያው ነው፤ 60 ዋት፣ 100 ዋት፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ደግሞ እስከ 240 ዋት።

ሰውን ግራ የሚያጋባው ኃይሉና ፍጥነቱ አብረው አለመሄዳቸው ነው። 240 ዋት የሚሸከም ወፍራም፣ ውድ ገመድ ፋይል ላይ ሲደርስ በ480 ሜጋ ቢት ሊንፏቀቅ ይችላል። ፌክ ሆኖ አይደለም። እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ደንቡም ይፈቅድለታል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2023 አይፎን 15ን ወደ ታይፕ ሲ ሲያዞር የፕሮ ሞዴሎቹ በ10 ጊጋ ቢት ፋይል ማሻገር የሚችሉ ነበሩ። ካርቶኑ ውስጥ አብሮ የመጣው ገመድ ግን የ480ው ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍላችሁ ፈጣኑን ገመድ ለብቻው ትገዛላችሁ! ስለዚህ «ከካርቶኑ የወጣ ነው» የሚለው ምስክርነት ለቻርጅ እንጂ ለፍጥነት አይሆንም።

480 ሜጋ ቢት ሲሰሙት ትልቅ ይመስላል። ለስምንት ስታካፍሉት በሰከንድ 60 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ በተግባር የሚገኘው ደግሞ 35 ወይም 40 ነው። አንድ ሰርግ 120 ጊጋ ባይት ቢይዝ፣ ኮፒው አንድ ሰዓት ለመሙላት ትንሽ ነው የሚቀረው። ያው ፋይል፣ ወደ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ወደ ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት፣ በ5 ጊጋ ቢት ገመድ አምስት ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። ነገሩ የጊዜ ብቻ ቢሆን ቡናዬን ጠጥቼ እመለስ ነበር። ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ መብራት ሊሄድ ይችላል። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ይሽከረከራሉ። መብራቱ ግን ሲሄድ ይሄዳል። ኮፒ መሃል ላይ ሲቋረጥ የትኛው ክሊፕ ሙሉ እንደገባ፣ የትኛው ግማሹ እንደቀረ መለየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሰው ሰርግ ደግሞ አይደገምም። ለእኔ ፈጣን ገመድ ቅንጦት ያልሆነው ለዚህ ነው።

ከዘገምተኛው የሚብሰው ደንቡን ጥሶ ጨርሶ የማያሻግረው ነው። ውስጡ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ አንድ መሄጃ፣ አንድ መመለሻ። ስልኩ ላይ የቻርጅ ምልክት ይመጣል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ወፍ የለም። ሰው ስልኩን ይወቅሳል። ሴቲንግ ይጎረጉራል፣ አጥፍቶ ያበራል፤ ስልኩን ፎርማት እስከማድረግ የደረሰ ሰውም አውቃለሁ። ገመድ ቀይሮ ማየት መጨረሻ ላይ ነው የሚታወሰው። እንዲህ ዓይነቱ ገመድ ከትናንሽ ስፒከሮች፣ ከጆሮ ማዳመጫዎችና ከፓወር ባንኮች ጋር በተደጋጋሚ ይመጣል። ጥቅም የለውም አልልም። በማታውቁት ሰው ኮምፒውተር ላይ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው፤ ፋይል የሚያልፍበት መንገድ የለውማ።

ወደ ቻርጅ እንምጣ። መብራት ሄዶ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ብቅ ሲል፣ ተመልሶ ሳይሄድ ስልኩን፣ ፓወር ባንኩንና ላፕቶፑን ማጥገብ አለባችሁ። ያኔ ቀርፋፋ ገመድ ያበሳጫል። ብዙ ሰው «ቻርጀሩ ሞቷል» ብሎ አዲስ ራስ፣ ማለትም ሶኬት ላይ የሚሰካውን ክፍል ይገዛል። ራሱ ግን ደህና ነው። የቀጠነው ሽቦው ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ውፍረቱ 0.32 ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ያለው አንድ ሜትር ገመድ በ2 አምፔር ሲሠራ፣ በመሄጃውና በመመለሻው ወደ 0.85 ቮልት ይጠፋበታል። ከቻርጀሩ ራስ 5 ቮልት ወጥቶ ስልኩ ጋ የሚደርሰው 4.15 አካባቢ ነው። ስልኩ ይህን ሲያይ የሚወስደውን ይቀንሳል፤ ቻርጁም ይጓተታል። ሽቦው ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢወፍር የሚጠፋው 0.35 ቮልት ብቻ ይሆናል። ርዝመቱን ሁለት ሜትር ስታደርጉት ደግሞ ኪሳራው በእጥፍ ይጨምራል። አልጋ ድረስ የሚደርሰው ረጅም ገመድ የሚዘገየው ለዚህ ነው። ከመዳብ ይልቅ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሚያስገቡም አሉ። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 በመቶ አካባቢ ነው። ከውጭ ያለው ወፍራም ፕላስቲክና የተጎነጎነው ክር ስለዚህ ሁሉ የሚነግራችሁ ነገር የለም። እንዲያውም ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ የተደበቀ ፀጉር የሚያህል ሽቦ ቆርጬ አይቻለሁ።

ፋስት ቻርጅ ሲመጣ ነገሩ ትንሽ ይለወጣል። አዲሶቹ ራሶች ከስልኩ ጋር ተነጋግረው ቮልቱን ወደ 9፣ ወደ 15፣ ወደ 20 ከፍ ያደርጋሉ። ቮልቱ ሲጨምር አምፔሩ ያንሳል፣ መንገድ ላይ የሚጠፋውም ይቀንሳል። በ3 አምፔር ገመድ እስከ 60 ዋት (20 ቮልት በ3 አምፔር ሲባዛ) የሚኬደው እንዲህ ነው። ከዚያ በላይ 5 አምፔር ሲፈለግ ገመዱ ጫፉ ውስጥ «እኔ 5 አምፔር እችላለሁ» ብሎ የሚናገር ቺፕ ሊኖረው ግድ ነው። ቺፑ ከሌለ ጥሩ ቻርጀር ከ3 አምፔር አያልፍም። 100 ዋት ራስ ገዝታችሁ ላፕቶፑ በዝግታ የሚሞላ ከሆነ መጀመሪያ ገመዱን ጠርጥሩ። ኦፖና ሁዋዌ ደግሞ የራሳቸው ዘዴ አላቸው፤ ከፍተኛውን ፍጥነት የምታገኙት ለዚያ በተሠራው ገመድ ነው። የኦፖ ስልክ ያለው ሰው የጎረቤቱን ገመድ ተውሶ «ለምን ቀስ አለብኝ?» ቢል አይገርምም።

መዘግየቱ ትንሹ ችግር ነው። አንደኛው ጫፉ አሮጌው ሰፊው ዩኤስቢ፣ ሌላው ታይፕ ሲ የሆነ ገመድ ውስጥ 56 ኪሎ ኦም የሆነች አንዲት ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የምትገድብ ትንሽ ዕቃ፣ መኖር አለባት። ሥራዋ ስልኩን «ረጋ በል፣ ምንጩ አሮጌ ነው» ማለት ነው። አንዳንድ አምራች በእሷ ፋንታ 10 ኪሎ ኦም ያስገባል። ያኔ ስልኩ 3 አምፔር የተፈቀደለት ይመስለውና ይስባል፤ የላፕቶፑ ቀዳዳ ወይም ርካሹ ራስ ደግሞ ያን አይችልም። ቤንሰን ሊዩንግ የሚባል የጉግል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2015 ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡ ገመዶችን እየፈተነ ይህን ያጋልጥ ነበር። በ2016 መጀመሪያ ላይ ሊፈትነው የሰካው አንድ ገመድ ላፕቶፑን አበላሸበት። ውስጡ የኃይሉ ሽቦና የግራውንዱ (የመመለሻው) ሽቦ ተቀያይረው ነበር የተበየዱት። በዚያው ዓመት አማዞን ደንቡን የማያሟሉ የታይፕ ሲ ገመዶች እንዳይሸጡበት ከለከለ። እዚያ ከልካይ አለ። እዚህ ከሱቅ በር ላይ ለተንጠለጠለው ከልካዩ ገዢው ራሱ ነው።

እኔ ስለዚህ መለኪያ ይዤ ነው የምሄደው። በኪስ የምትገባ፣ ቮልትና አምፔር የምታሳይ ትንሽ ነገር ናት። በገመዱና በስልኩ መካከል ትሰካለች። እዚያ መሆኗ ዋና ነገር ነው፤ የቻርጀሩ ራስ ጋ ብትሰኳት የምታሳያችሁ ከመንገዱ በፊት ያለውን ቮልት ነው። የቻርጀሩ ራስና ስልኩ ሳይቀየሩ ገመድ ብቻ እየለዋወጡ ማየት ነው። የስልኩ ባትሪ ከግማሽ በታች ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሊሞላ የተቃረበ ስልክ በማንኛውም ገመድ ትንሽ ነው የሚስበው።

ደንበኛዬ የሆነች አንዲት ሻጭ አለች። መጀመሪያ ላይ መለኪያዋን ሳወጣ ደስ አላላትም ነበር። አሁን እንደገባሁ ትስቃለች።

«አካም ጅርታ! ዛሬም ልትፈትን መጣህ?»

«ዛሬ እንኳን ልገዛ።»

«ያው ነው። ቀዩን ሞክረው፤ ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚወስደው።»

ቀዩ በስልኬ ላይ 1 አምፔር እንኳን አልሞላም። አጠገቡ የነበረው አስቀያሚ ጥቁር፣ ያውም የረከሰው፣ ከ2 በላይ ሰጠ። ዋጋ ምንም አይናገርም እያልኩ አይደለም። ግን በአንድ ሱቅ ውስጥ ከተሰቀሉት መካከል ዋጋው የሚለየው በብዛት በመልኩና በማሸጊያው ነው።

መለኪያ የሌለውስ? ስልኩ ራሱ ይረዳል። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ሲሰኩ «ፋስት ቻርጂንግ» የሚል ጽሑፍ፣ አንዳንዶቹም ለመሙላት የሚቀረውን ደቂቃ ያሳያሉ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሦስት ገመድ በተራ ሰክታችሁ የቱ ጋ ጽሑፉ እንደሚመጣ ማየት ትችላላችሁ። ሰክታችሁ ጫፉን በቀስታ ወዘወዝ አድርጉት፤ ቻርጁ እየተቋረጠ ከመጣ ተውት። ለፋይል የምትገዙ ከሆነ ወደ ጫፉ ውስጥ በብርሃን ተመልከቱ። የ480ው ገመድ ብዙ ጊዜ በነጥቦቹ መሃል ባዶ ቦታ ይታይበታል፤ ፈጣኑ ጢም ብሎ የሞላ ነው። ቀጭንና ልስልስ ሆኖ «40 ጊጋ ቢት» የሚል ካለም በጥርጣሬ እዩት፤ ለዚያ ፍጥነት ብዙ ሽቦ ያስፈልጋል፣ ብዙ ሽቦ ደግሞ ገመዱን ያወፍረዋል። ላፕቶፕ ይዛችሁ ከሆነ አንድ ጊጋ ባይት ፋይል ኮፒ አድርጉ። ግማሽ ደቂቃ አካባቢ ከፈጀ የ480ው ነው።

ብዙ ሰው ግን ፈጣኑን ጭራሽ አያስፈልገውም። በእጃችን ያሉት መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ስልኮች፣ አብዛኞቹ ቴክኖና ኢንፊኒክስ፣ ዝቅ ያሉት ሳምሰንጎችም፣ ራሳቸው ከዩኤስቢ 2.0 አያልፉም። ለእነዚህ በ10 ጊጋ ቢት ገመድ ገንዘብ ማውጣት ትርፉ ኪስ ማራቆት ነው። ሽቦው ወፍራም፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ፋይል የሚያሻግር፤ በቃ።

ገመዱ ያለ ኃጢአቱ የሚወቀስበት ጊዜም አለ። አዳማ አቧራና ነፋስ ያለባት ከተማ ናት፤ ስልኩ ደግሞ የሚውለው ኪስ ውስጥ ነው። ብናኙ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ ገመዱ በተሰካ ቁጥር ወደ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። ከዚያ ጫፉ እስከ መጨረሻው አይገባም፣ ትንሽ ሲነኩት ይቋረጣል። ብዙዎች ይህን «ፖርቱ ተበላ» ብለው ወደ ጥገና ይወስዱታል። ስልኩን አጥፍታችሁ በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። መርፌ አትጠቀሙ፤ መሃል ላይ ያለችው ምላስ ቀጭን ናት። ታይፕ ሲን የሠሩት ሰዎች እዚህ ላይ ብልህ ነበሩ። ቶሎ የሚያልቁትን ስፕሪንጎች ያስቀመጡት ስልኩ ላይ ሳይሆን ገመዱ ላይ ነው። የሚላላው ገመዱ እንዲሆን ነው የታሰበው። ስለዚህ የላላ ገመድ በላስቲክ እያሰሩ ማቆየት ቁጠባ አይደለም።

አክስቴም አንዴ በባትሪ መብራቷ ምክንያት ደውላልኝ ነበር። መብራቷ በአሮጌው ሰፊ ዩኤስቢ ገመድ ቻርጅ ያደርጋል፤ በአዲሱ፣ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነው ግን እምቢ ይላል። «የሸጠልኝ ልጅ ሸወደኝ» ብላ ልትመልሰው ተነስታ ነበር። ገመዱ ደህና ነው። ጥፋቱ የመብራቱ ነው። አንድ ዕቃ በታይፕ ሲ ራስ እንዲሞላ ውስጡ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ሊኖሩት ይገባል፤ የቻርጀሩ ራስ እነሱን ካላየ ምንም አይልክም። የርካሽ መብራትና ስፒከር ፋብሪካዎች እነዚያን ሁለት ሬዚስተሮች ይቆጥቧቸዋል። አሮጌው ዩኤስቢ ግን ሳይጠይቅ ይልካል። «አክስቴ፣ አሮጌውን እንዳትጥይው» አልኳት። እሷ መቼ ዕቃ ጥላ ታውቃለች።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ስልክ ሁሉ በታይፕ ሲ ቻርጅ እንዲያደርግ ሕግ አድርጓል። ላፕቶፖችም ከኤፕሪል 2026 ተከትለዋል። ለእኛም ጥሩ ነው፤ የምንገዛው ስልክ የትም ቢሠራ ቀዳዳው አንድ እየሆነ ነው። በሱቁ በር ላይ የሚንጠለጠለው ገመድም በዚያው ልክ እየበዛ ነው።

ባለፈው ሰሞን ያቺ ሻጭ አዲስ ዕቃ መጣልኝ ብላ ጠራችኝ። ማሸጊያው ላይ «100 ዋት፣ 10 ጊጋ ቢት» ይላል። አንዱን ከፍተን በላፕቶፔና በኤስኤስዲዬ ሞከርነው። ቻርጁ እውነት ነው፤ መለኪያዋ ቺፑንም አነበበች፣ 5 አምፔር ይላል። ፋይሉ ግን ከ40 ሜጋ ባይት አላለፈም። ሁለተኛ ከፈትን፣ ያው ነው።

«ልመልሰው?» አለችኝ።

«ቻርጁማ ከዚህ ሱቅ ሁሉ ይበልጣል።»

ትንሽ አሰበችና ከመሳቢያው ማርከር አወጣች። በየማሸጊያው ላይ 10 ጊጋ ቢት የሚለውን ሰርዛ «ለላፕቶፕ ቻርጅ» ብላ ጻፈችበት። ዋጋውን ትንሽ ቀነሰች። እኔም አንድ ለራሴ፣ አንድ ለወንድሜ ወሰድኩ። ለፋይል የሚሆነውን ገና እየፈለግን ነው፤ የሚቀጥለው ዕቃ ሲገባ ትደውልልኛለች።